የአባታችን የቅዳሜ እንጨት

እዚህ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ከትናንት ጀምሮ የሠርግ እንጨት ይፈለጣል። ጎረቤቴ ልጇን ልትድር ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሽታ፣ ያ አፍንጫ የሚቆነጥጠው፣ በመስኮት ገብቶ መጋረጃው ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ መስኮቱን ዘጋሁት። ጥቂት ቆይቼ መልሼ ከፈትኩት። ፈላጮቹ ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ብቻ ያውቅበታል። ሌሎቹ እንጨቱን ይደበድቡታል እንጂ አይፈልጡትም። ይሄን ለይቼ የማውቀው ከአባታችን ነው። ሌላ ያስተማረኝ ብዙ ነገር የለም።

በአባታችን አርባ ዕለት፣ ሰዉ ተበትኖ ሁለታችን ሳህን ስናጥብ፣ «እታለም፣ አባባ ግን ለምን ከእኛ ጋር አልኖረም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ሥራው ሞጣ ነዋ!» አልኩሽ፤ ተቆጣሁሽም መሰለኝ። ሥራው ሞጣ እንደነበረ እውነት ነው። ግን ቢቸናና ሞጣ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ባሕር አልለያቸውም። ስሚኝ እንግዲህ። መሐል ላይ አታቋርጪኝ፤ ካቋረጥሽኝ አልመለስበትም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ፣ አንቺ ገና በሆድ። እናታችን ቢቸና ጤና ጣቢያ ውስጥ ጤና ረዳት ነበረች፤ አንድ ቀን ቀን፣ አንድ ቀን ማታ ተረኛ። አባታችን ደግሞ ሞጣ የማዳበሪያ መጋዘን ኃላፊ። ዝውውር ጠይቆ ጠይቆ ሰልችቶታል። አውቶቡሱ ቅዳሜ ጠዋት ከሞጣ ይነሣና፣ ጎማው ካልፈነዳ፣ እኩለ ቀን ላይ ቢቸና ያወርደዋል። እሑድ እኩለ ቀን መልሶ ይወስደዋል። ለእኛ የሚተርፈን አንድ ቀን ነበር፤ እሱም ሙሉ አይደለም።

ያንን ቀን ምን ያደርግበት ነበር ትያለሽ? እንጨት ይፈልጥበት ነበር።

ሲገባ ልብሱ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይሸታል፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። ቦርሳውን በር ላይ ጥሎ፣ ምሳውን ቆሞ ሊበላ ምንም አይቀረው። ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ይሰቅልና ወደ ጓሮ ይሄዳል። ግንዱን መጀመሪያ ዞሮ ዞሮ ያየዋል። በጣቱ ስንጥቁን ይዳስሳል። «እንጨት በጉልበት አይፈለጥም፤ መንገዱን እሱ ራሱ ያሳይሻል» ይለኝ ነበር። ከዚያ መዳፉን እትፍ ብሎ መጥረቢያውን ያነሣል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው ግንዱ ቷ ብሎ ይከፈታል፤ ውስጡ ነጣ ብሎ፣ እርጥብ ሆኖ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። እኔ ፍልጡን እየለቀምኩ ከቤቱ ክፈፍ ሥር እደረድራለሁ። እናታችን ከኩሽና ሆና የመጥረቢያውን ድምፅ ስትሰማ ታንጎራጉራለች። እናታችን ስታንጎራጉር ሰምተሻት አታውቂም አይደል? አዎ፣ አልሰማሽም።

ፈላጭ ለምን አይቀጠርም ነበር ካልሽ፣ ይቀጠር ነበር፤ ቢቸና ፈላጭ ሞልቶ። እናታችን አንድ ጊዜ ብላው ነበር። «እኔ በቁሜ እያለሁ የቤቴን እንጨት ሌላ ሰው? ኧረ በሥላሴ!» አላት። እውነቱን ነው፤ ሌላ ምን ነበረው? አስቤዛ የምትገዛው እሷ፣ ትምህርት ቤት የምትጠራው እሷ፣ ለቅሶ የምትደርሰው እሷ። እኔ ስታመም ራሱ መርፌ የምትወጋኝ እሷ። በዚያ ቤት ውስጥ የእሱ ብቻ የሆነው ነገር እንጨቱ ነበር። ያኔ ይሄን አላውቅም። አሁን ነው የማውቀው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።

ቅዳሜም ሰንበት ነው፤ ታውቂያለሽ። ግን አጥር የምንጋራቸው መሪጌታ፣ አባታችን የመንግሥት ሰው ስለሆነ፣ ሌላ ቀን ስለሌለው፣ የቅዳሜ ከሰዓቱን መጥረቢያ እንዳልሰሙ ይሆኑለት ነበር። እሑድ ግን አይሞከርም። ቅዳሜውም ታቦት ከተደረበበት አይሞከርም። በታቦት ቀን እንጨት የፈለጠ፣ ሰማዩ ተቆጥቶ የአገሩን እህል በበረዶ ያስመታል ይባላል። አንድ ሰው አጥፍቶ አገር ይቀጣል፤ ስለዚህ አገር ሁሉ ይጠብቅሻል።

ያ ግንቦት ደግሞ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ታቦት ላይ ወደቀ። አምስት አቦ፣ አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል።

በአቦ ዕለት ረስቶት መጥረቢያውን አንሥቶ ነበር። መሪጌታ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። «አንተ ሰው! ዛሬ አቦ ናቸው እኮ። በበረዶ ልታስፈጀን ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ መሪጌታ፤ ሞጣ ስኖር ቀኑ ጠፍቶብኝ ነው።»

«ሞጣ አቦ የሉም?» አሉት፤ ሳቁ። እሱም ሳቀ። መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋበት፤ አንዴ ጉልበቱ ላይ፣ አንዴ ብብቱ ሥር። በሚካኤልም እንዲሁ። በገብርኤል ደግሞ ግንዱን ዞሮ ዞሮ አይቶ፣ ሳይነካው፣ «ሳምንት እገባልሻለሁ» አለው። ለግንዱ ነው ያለው፤ በሴት አንቀጽ። አሳቀኝ።

ሳምንቱ ቅዳሜ ታቦት አልነበረውም፤ እሱም አልመጣም። የማዳበሪያ መኪኖች የሚራገፉበት ወቅት ነው፤ ገበሬ ተሰልፏል። በአውቶቡሱ ረዳት በኩል «በሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እንጨቱን እንዳትነኩ» ብሎ ላከ። እናታችን ሰማይ ሰማይ ታይ ጀመር። የእሷ ወር ሐምሌ ነው፤ ልትወልድ ነው። የክረምት እንጨት በግንቦት ተፈልጦ ካልደረቀ፣ ሐምሌ ላይ አራስ ቤት በጭስ ይታፈናል። የአራስ ገንፎ በእርጥብ እንጨት አይበስልም። እሷ ይሄን ለሌሎች እናቶች ጤና ጣቢያ ቆማ ታስተምር የነበረች ሴት ናት።

ማክሰኞ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ከተረኝነት ስትገባ ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም፤ ኩሽና የቀረችው ፍልጥ ሦስት ነበረች። ወደ ጓሮ ሄደች። ስከተላት መጥረቢያውን አንሥታለች፤ ሆዷ እዚህ ድረስ ደርሷል። አንዴ መታችው። መጥረቢያው ግንዱ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ብትስብ ብትስብ እንቢ አለ። ከዚያ ግንዱ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ነው የሚወርደው። እኔን ስታይ፣ «ጭስ ነው» አለችኝ። እሳት አልተነሣም ነበር።

በማግስቱ ረቡዕ፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በጤና ጣቢያው በር በኩል አለፍኩ። ዘበኛውን አገኘኋቸው፤ ጠና ያሉ፣ ክንዳቸው እንደ ወይራ የጠነከረ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ እናቴ እንጨት ይፍለጡልን ብላለች» አልኳቸው። ውሸቴን ነው፤ ማንም አላለም።

«ምነው፣ አባትሽ?»

«ሥራ በዝቶበታል።»

«ኧረ ምን ችግር አለ! ለሲስተር ያልፈለጥን ለማን እንፈልጥ?» ብለው ተራቸውን ለጓደኛቸው ሰጥተው መጡ። አንድ ከሰዓት በቃቸው። ሽብልቅ እየመቱ፣ ጠላ እየጠጡ፣ ያንን ሁሉ ግንድ አደቀቁት። እኔ ደረደርኩ። ከክፈፉ እስከ መስኮቱ ድረስ ደረሰ። ደስታዬን አትጠይቂኝ። አባዬ ቅዳሜ ሲመጣ ዐረፍ ይላል፣ አብሮኝ ይቀመጣል፣ ምናልባት ወንዝ ድረስ አብረን እንወርዳለን እያልኩ ነበር የምደረድረው።

እናታችን ማታ ገብታ ክምሩን ስታይ በር ላይ ቆመች። «ማን አዘዘ?» አለችኝ። ነገርኳት። ልትቆጣ ነበር፤ አፏ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ። «እሰይ! እሰይ ተገላገልን!» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ የለቀምኩት እንኳ የለም።

ቅዳሜ መጣ። በአንድ እጁ ቦርሳ፣ በሌላው አዲስ የመጥረቢያ ዛቢያ ይዟል፤ ሞጣ ለአናጢ አዝዞ ያስጠረበው የወይራ ዛቢያ። ያንን ረጅም እንጨት በአውቶቡስ ተሸክሞ፣ ሰው ጉልበት መሐል አቁሞ ነው የመጣው። ሮጬ ተቀበልኩት። «አባዬ ና፣ ና እስቲ ጓሮ እይ!» ብዬ በእጁ ጎተትኩት።

አየ። ብዙ ጊዜ ቆሞ አየ። ዓይኑ ከታች ጀምሮ እስከ ላይ ወጣ።

«ማን ፈለጠው?»

«የጤና ጣቢያው ዘበኛ! በአንድ ቀን!»

«ጥሩ አድርጎ ነው የፈለጠው» አለ። ዛቢያውን ከበሩ ኋላ አቁሞ ኮቱን ሳያወልቅ ገባ። እናታችን ውኃ አፍልታ እግሩን ልታጥበው ስትል፣ «ተይ፣ አልደከመኝም» አላት። «ዛሬ እንኳ ዕረፍ እንጂ» አለችው። ዐረፈ። ምሳውን ተቀምጦ በላ። ከሰዓቱን ሙሉ በርጩማው ላይ ተቀምጦ በሩን ያያል። ሰው ቤት እንደ መጣ ሰው «አይ ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይል ነበር፤ በገዛ ቤቱ። ወንዝ እንውረድ ስለው ጫማዬ ይቆሽሻል አለኝ። እሑድ አውቶቡሱ ሊነሣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ። ሐምሌ ላይ አንቺ ተወለድሽ፤ ቤቱ ሞቃት ነበር፣ ጭስ የለም፣ ገንፎው በወጉ በሰለ። እሱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። አቅፎሽ ብዙ ቆየ። ሰማንያሽ ሞልቶ ክርስትና ስትነሺም መጣ። ከዚያ በወር፤ ከዚያ በበዓል። እናታችን «ሥራ ነው» ትላለች። ለሰው ሁሉ «ሥራ ነው»። እንጨቱን ዘበኛው እየመጡ ይፈልጡታል፤ እሷ ከሥራ ስትገባ እሳቱ ነዶ ይጠብቃታል፤ ኑሮ ቀለለ። ማንጎራጎሩም ቀረ። ያኔ ሁለቱን አላገናኘሁትም።

በዓመቱ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት ስጠብቅ፣ «በይ ሂጂና አባትሽን እዪው። በሶም ውሰጂለት» ብላ ወደ ሞጣ ላከችኝ። ማክሰኞ ነበር። መጋዘኑ ስደርስ «አሁን ወጣ» አሉኝና ቤቱን አመለከቱኝ። ከአንዲት ባልቴት ቤት ጓሮ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። አጥሩ ጋ ሳልደርስ ድምፁን ሰማሁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው ቷ። የሱን መጥረቢያ ከሺህ መጥረቢያ እለየዋለሁ።

በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ሸሚዙን እስከ ክንዱ ጠቅልሎ፣ ላቡ በጀርባው ወርዶ፣ የባልቴቷን እንጨት ይፈልጣል። የማታዋ ፀሐይ ፍልጡ ላይ አርፋለች። ባልቴቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ደፉ ላይ ተቀምጠው ያወሩታል፤ እሱ ይስቃል። ያን ሳቅ ከየት እንዳመጣው እንጃ፤ እኛ ቤት ከጠፋ ዓመት ሆኖታል። ስገባ ደነገጠ። መጥረቢያውን አስቀመጠው፤ ሌባ የሚያስቀምጠው ዓይነት። «ልጄ ናት» አላቸው።

ባልቴቷ ተነሥተው ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። «እሰይ፣ እሰይ የኔ እመቤት! ልጆቼ አንድ ሳይቀሩ በየአገሩ ወጥተው ቀሩ። አባትሽ ባይኖር በዚህ ክረምት ምን ይውጠኝ ነበር? ጥሬ ስቆረጥም ትደርሺ ነበር እኮ!»

እሱ አንገቱን ደፋ፤ ግን ፈገግ ብሏል። አየሁት። ወዲያው ገባኝ። ሴትየዋ እናቱን የሚያህሉ ናቸው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቢ። ሌላ ነገር ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሰው ይዘልፍበታል፣ ይገላገላል። እሳቸው ያሉትን እኛ ቤት ማንም ብሎት አያውቅም። እኛ «ተገላገልን» ነው ያልነው። ቁጭ ብዬ የሰጡኝን ቆሎ በላሁ። አልተከፋሁም፤ ምንም አልተሰማኝም፤ ጥርሴ ሲቆረጥም ብቻ ይሰማኛል። ስሄድ፣ «በሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ በያት» አለኝ። ለእናታችን እሱን ብቻ ነገርኳት። ፊቷ በራ። እኔ ግን በአውቶቡሱ ሙሉ መንገድ አንድ ነገር ውስጤ ሲጠጥር መጥቶ ነበር። ለእኛ ጫማው የሚቆሽሽበት ሰው፣ ለባዕድ ሴት ላቡ በጀርባው ይወርዳል እያልኩ።

ሐሙስ ዕለት በጋሪ አዲስ ግንድ መጥቶ ጓሮ ተጣለ። እንደ ሁልጊዜው ሰኞ ዘበኛው መጥተው ይፈልጡታል ብዬ ዝም አልኩ። ቅዳሜ ማለዳ እናታችን ተረኛ ነበረች፤ ቀኑንም ሌሊቱንም። አንቺን አስታቅፋኝ እየሮጠች ወጣች። «አባትሽ ሲመጣ ምሳ አቅርቢለት» አለችኝ ከበር።

መጣ። አንቺ አላወቅሽውም፤ ሲያቅፍሽ ጮኽሽ። እያባበለ በቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። ምሳውን በላ። ከዚያ ኮቱን አወለቀ፤ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮቱን አወለቀ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ሽንኩርት እከትፋለሁ።

«እና፣ ምን የምሠራው ነገር አለ?» አለኝ።

«ምንም የለም።»

 ወደ ሽንት ቤት ወጣ፤ መንገዱ በግንዱ በኩል ነው። እግሩ እዚያ ሲደርስ ሲቆም ሰማሁ። ቆየ። ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ጓሮ ያለው ግንድስ?»

ማለት የነበረብኝን አውቀዋለሁ፤ ሞጣ ሄጄ ተምሬው መጥቻለሁ። ባልቴቷ ያሉትን ብደግመው በቂ ነበር። እኔ ግን ቢላዋዬን እንኳ አላቆምኩም። «እሱን ዘበኛው ሰኞ ይፈልጡታል። አንተ ለምን ትደክማለህ፤ ዕረፍ» አልኩት። እያወቅሁ ነው። የት ጋ እንደሚያርፍበት እያወቅሁ ነው ያሳረፍኩበት።

«እሺ» አለ። ኮቱን ለበሰ። «አንድ የማዳበሪያ መኪና ወደ ሞጣ የሚመለስ አለ፤ ባገኘው ይሻላል።» ራስሽን ሳመሽ፣ ራሴን ሳመኝ፣ ሄደ። በሩ ላይ ቆሜ እስከ መታጠፊያው አየሁት። ዘወር ቢል ምን እንደማደርግ አላሰብኩም፤ ዘወርም አላለ።

እናታችን እሑድ ማለዳ ገባች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ በኩሽናው አልፋ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ፀጉሯን በመሐረቧ እያስተካከለች። ስትመለስ ፊቷ ላይ ያለውን ማየት አልፈለግሁም።

«አባትሽ የታል?»

«ትናንትና ሄደ። መኪና አገኘ።»

«ግንዱን ሳይነካው?»

«አዎ።»

«አላየውም እንዴ?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ዘበኛውን ከእንግዲህ አይምጡ ብያቸው ነበር እኮ። ግንዱን ለእሱ ብዬ ነው ያስመጣሁት። ምነው፣ አልነገርሽውም?»

የነገረችኝ ነገር አልነበረም፤ ተጣድፋ ስትወጣ ረስታው ይሆናል። ይሄን ልላት እችል ነበር። ሌላውንም ልላት እችል ነበር።

«አላየውም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ ቢያየውማ አይሄድም ነበር» አለች። አንቺን ከጀርባዬ ፈትታ ወሰደችና፣ ጋውኗን እንደለበሰች መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ማጥባት ጀመረች።